በባሮ ዳር የሕፃን እንቅልፍ

ስለ ሕፃን እንቅልፍ በጋዜጣ ገጽ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ የጓዳን ነገር ወደ አደባባይ ማውጣት ሊመስለው ይችላል። እኔም ከዚህ ቀደም እንዲሁ የማስብ ሰው ነበርሁ። ልጅን ማጥባት፥ ማዘልና ማስተኛት የእናትና የአያት ሥራ ነው፤ የአባት ድርሻ ቀለብ ማቅረብና ዕድሜው ሲደርስ ፊደል ማስቆጠር ነው እያልሁ እኖር ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በጋምቤላ ከተማ፥ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ከቀረው ልጄ ጋራ ስድስት ሳምንት ብቻችንን አደርን። በእነዚያም ሌሊቶች ያየሁት ነገር አሳቤን ለውጦታልና፥ ልጅ ላላቸው ሰዎችም፥ ወላጆች ምክር ለሚጠይቋቸው ካህናትም ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ጋምቤላን ላላየ ሰው አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን የሚወርድ መንገደኛ፥ ጠዋት ጋቢ ደርቦ የተነሣ እንደ ሆነ ቀትር ላይ ሸሚዙ ከጀርባው ጋራ ይጣበቃል። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ በባሮ ወንዝ ዳር በሜዳ የተዘረጋች ናት። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ከተማይቱም በስተ ምዕራብ ርቃ ስላለች ፀሐይ ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትጠልቅባታለች። ፀሐይቱ ከጠለቀችም በኋላ የቆርቆሮው ጣራና የብሎኬቱ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ የጠጡትን ሙቀት ማታ በቤቱ ውስጥ መልሰው ይተፉታል። የአገሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ምሽቱን በደጅ ያሳልፋል። ከደጋ የሚመጣ ሰው ግን ከዕቃው ጋራ ሰዓቱንም ጭኖ ይመጣል። እኛም ከጎጃም በመጣን ጊዜ፥ ሕፃን ከምሽቱ 2 ሰዓት በአልጋው ላይ መሆን አለበት የሚለውን ሕጋችንን ከድስቱና ከምጣዱ ጋራ ይዘን መጣን።

እኔ መምህር ነኝ። በየካቲት ወር አማቴ በአዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ቀን ስለ ተቈረጠላቸው፥ ከባለቤቴ በቀር የሚያስታምማቸው ሰው አልተገኘም። ልጁን ይዛ እንዳትሄድ የሐኪም ቤት አዳር ለሕፃን አይሆንም፤ እኔም ትምህርት ቤት ጥዬ ልከተላት አልቻልሁም። ስለዚህ ቀን ቀን አንዲት ልጅ እግር ሞግዚት እንድትጠብቀው፥ ሌሊት ግን ከእኔ ጋራ እንዲያድር ተስማማን። አውቶቡሱ የሚነሣው ገና ሳይነጋ ነበርና፥ በዋዜማው የተሰበሰቡት ዘመዶችና ጎረቤቶች ሁሉ በአንድ ቃል፥ «ተኝቶ ሳለ ውጪ፤ ዐይኑ እንዳያይሽ፤ ካየ አንጀትሽን ይበላዋል» አሏት። ምክሩ ከእናቶቻችን ጀምሮ የመጣ ነው፤ እኔም ደገፍሁት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ባለቤቴ በባዶ እግርዋ ወደ አልጋው ቀርባ እጁን ሳመችና ጫማዋን በደጅ አጠለቀች። የበሩ መቀርቀሪያ ድምፅ እንዳያሰማ እኔ በጨርቅ ይዤ ከፈትሁላት። ሌባ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አይወጣም።

ልጁ ሲነሣ መጀመሪያ አላለቀሰም። ከበሩ ኋላ ፈለጋት፤ ከአልጋው በታች አጐንብሶ አየ፤ በምስማር ላይ የተሰቀለውን ቀሚስዋን ገልጦ ውስጡን ተመለከተ። ከዚህ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ቆመና ዐየኝ። ያን ጊዜ «ነገ ትመጣለች» አልሁት። ነገ ለእርሱ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ግን እንደማትመጣ አውቅ ነበር።

ማታውን ጭንቁ ተጀመረ። እራቱን በላ፤ ፊቱን ታጠበ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በአጎበሩ ውስጥ አስተኛሁት። በዚያ አገር ያለ አጎበር ማደር ወባን ወደ ቤት መጋበዝ ነው፤ ወባን የምታመጣው ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። ልጁ ግን አጎበሩን በእግሩ እየገፋ ወጣ። መለስሁት፤ ወጣ። ሽፋሽፍቱ እየከበደ ሊከደን ሲል፥ ከገደል እንደሚወድቅ ሰው ድንገት ይበረግግና ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ከዚያም ወደ በሩ ይመለከታል። እንዲህ እየሆነ ከሌሊቱ 5 ሰዓት አለፈ። በሁለተኛውና በሦስተኛውም ሌሊት እንዲሁ ሆነ።

እኔም የማውቀውን ሁሉ ሞከርሁ። በሦስተኛው ሌሊት መስኮቱን ዘግቼ፥ ሰው እንዳያየኝ መብራት አጥፍቼ፥ በነጠላ አዝዬው እሹሩሩ እያልሁ በቤቱ ውስጥ ተመላለስሁ። የወንድ ጀርባ ለዚህ አልተፈጠረም የሚል ቢኖር ስሕተት ነው፤ በደጋ ቢሆን ኖሮ በደንብ ይሠራ ነበር ብዬ አምናለሁ። በጋምቤላ መጋቢት ግን ሁለት ሰውነት በአንድ ነጠላ ሲታሰር እንጀራ በምጣድ ላይ እንደሚበስል ያለ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እኔም እርሱም በላብ ተጠምቀን ተለያየን። በአራተኛው ሌሊት የእናቱን ድምፅ ቢሰማ ይጽናናል ብዬ ስልክ ደወልሁ። ድምፅዋን ሲሰማ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ጀርባውን ገለበጠና ከኋላው ፈለጋት፤ ከዚያም በኋላ የነበረውን ልቅሶ መጻፍ አልወድም። እርስዋም በዚያኛው ጫፍ ታለቅስ ነበር።

በስድስተኛው ሌሊት ያደረግሁት ያሳፍረኛል። የማርማቸው 80 የፈተና ወረቀቶች በጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ ሰዓቱም እኩለ ሌሊት እየተቃረበ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ «ዝም ብለህ ተኛ፤ ጅብ መጣ» አልሁት። ወዲያው ዝም አለ። እኔም አባቶቻችን ያወቁትን ያውቁ ነበር ብዬ ደስ እያለኝ ወረቀቴን ማረም ጀመርሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብመለስ ግን ዐይኖቹን አፍጥጦ፥ ሁለቱን እጆቹን ከደረቱ ላይ አጣብቆ፥ ሳይነቃነቅ ተኝቶ አገኘሁት። ምንጣፉም ከበታቹ ርሶ ነበር። ዝም ማለቱን እንቅልፍ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ስለ ሕፃናት እንቅልፍ የተጻፈውን መፈለግ ያዝሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በሀያ አራት ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ያህል እንቅልፍ እንደሚገባው ይናገራል። የእኔን ልጅ ብቈጥርለት ከ9 ሰዓት አልበለጠም። ከዚህም ሌላ ሰው እንቅልፍ የሚይዘው የውስጥ ሰውነቱ ሙቀት ጥቂት ዝቅ ሲል እንደ ሆነ፥ የሕፃንም ዐይን ከአዋቂ ዐይን ይበልጥ ብርሃን ስለሚያስገባ የማታ መብራት እንቅልፉን ይበልጥ እንደሚገፋበት ተረዳሁ። እኔ ግን ልጁን በጋለ ክፍል ውስጥ ዘግቼ፥ ከራሱ በላይ አምፑል አብርቼ፥ የስልክን ብርሃን በፊቱ ላይ እያበራሁ ተኛ እለው ነበር። ሞግዚቲቱንም ብጠይቃት፥ ቀን በሙቀቱ ስለሚደክም ከ9 እስከ 11 ሰዓት እንደሚተኛ ነገረችኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት የነቃ ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ምን እንቅልፍ ይኖረዋል? ስለዚህ የቀኑን እንቅልፍ ወደ ምሳ በኋላ አስጠጋነው፤ መብራቱን ቀነስሁ፤ ማታ ማታም ለብ ባለ ውኃ አጥበው ጀመር። ለብ ያለ ውኃ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚስበው የውስጡ ሙቀት እንዲወጣ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ጠቀመ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት የነበረው ወደ 4 ሰዓት ወረደ። ነገር ግን ያ መበርገግ፥ ያም ወደ በር መመልከት አልቀረም። ለዚህ በመጽሐፍ መልስ ከማግኘቴ አስቀድሞ መልሱን ያገኘሁት ከአጥር ማዶ ነው።

ከግቢያችን አጠገብ አንዲት አኙዋ አሮጊት ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ ይኖራሉ። እማማ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የእኔ አኙዋኛ ግን ከሰላምታ አያልፍም። በእርሳቸው ግቢ ልጅ ተኛ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሲመሽ በማንጎው ዛፍ ሥር ሰሌን ይነጠፋል፤ ትልልቆቹ ይጨዋወታሉ፤ ሕፃናቱ በመካከላቸው ይንከባለላሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ እግሩን ጥሎ እንቅልፍ በመጣበት ጊዜ ይወስደዋል። ይህን ለብዙ ጊዜ ሥርዓት እንደሌለው ነገር እያየሁ አልፈው ነበር። በሰባተኛው ቀን ማታ ግን ቤቱ ስለ ጋለብኝ ልጁን ይዤ ሄድሁና ከሰሌኑ ጫፍ ተቀመጥሁ። እማማ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ልጁን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ሌሊት የሚያለቅስ እርሱ ነው?» አሉኝ።

«እርሱ ነው፥ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልን፤ እናንተንም አስቸገርን።»

«እናቱ መቼ ሄደች?»

«ሳምንት ሆናት። ሌሊት ነው የሄደችው።»

«አይቷታል?»

«ኧረ አላያትም። እንዳያለቅስ ብለን ተኝቶ ሳለ ወጣች።»

እርሳቸውም የያዙትን የበቆሎ ራስ እስኪጨርሱ ድረስ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ፍሬውን ከጭናቸው ላይ ወደ ሰፌዱ እየጠረጉ፥ «እንግዲያ ልጄ፥ ዳግመኛ እንዴት ብሎ ይተኛል?» አሉኝ።

ይህ ቃል በልቤ ውስጥ ሲመላለስ አደረ። በእርግጥም ነገሩን ከልጁ ወገን ሆነን ብናየው ግልጥ ነው። ማታ እናቱን አቅፎ ተኛ፤ ሲነሣ እናቱ የለችም። ማንም አልነገረውም፤ ማንም ሲያለቅስ አላየም። ከዚህ የሚማረው አንድ ትምህርት ቢኖር ሰው የሚጠፋው እንቅልፍ ሲወስድህ ነው የሚል ነው። እኔ ደግሞ ይህንኑ ትምህርት በየሌሊቱ እጨምርለት ነበር፤ ሽፋሽፍቱ ሲከደን ባየሁ ቍጥር እጄን ቀስ ብዬ ከእጁ ሥር መዝዤ ወደ ወረቀቴ እሄዳለሁና። እርሱም ይህን ስላወቀ ጣቶቼን ይዞ ይተኛ የነበረውን ትቶ ጆሮዬን መያዝ ጀምሮ ነበር። ጆሮ በቀላሉ አይመዘዝም።

ሐኪሞችም ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይህንኑ እንዳዩት በኋላ አነበብሁ። በእንግሊዝ አገር ወላጆች በሐኪም ቤት የተኛ ልጃቸውን የሚጠይቁበት ጊዜ እጅግ አጭር በነበረበት ዘመን፥ ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ የጆን ቦውልቢ ባልደረባ፥ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላት የተቃረበች አንዲት ሕፃን ያለ እናትዋ በሐኪም ቤት 8 ቀን ስትቀመጥ በፊልም ቀረጻት፤ ፊልሙም በ1952 በአውሮፓ አቆጣጠር ታየ። በዚያ ዘመን ልቅሶውን ትቶ ዝም ያለ ሕፃን ተስማምቶታል፥ ለምዷል ይባል ነበር። ሮበርትሰንና ቦውልቢ ግን ልጅ ከእናቱ በተለየ ጊዜ አስቀድሞ እንደሚጮኽ፥ ቀጥሎ ተስፋ ቈርጦ ዝም እንደሚል፥ ከዚያም ልቡን ከሰው ማራቅ እንደሚጀምር አስረዱ። ዝምታው ከልቅሶው የሚብስ ሕመም ነበር። ፊልሙን መጀመሪያ ካዩት ሐኪሞች ብዙዎቹ ተቈጥተው ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1959 በዚያው አገር መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ወላጆች ልጃቸውን ያለ ገደብ እንዲጠይቁ መከረ። እኔም ይህን ሳነብ በስድስተኛው ሌሊት የሰማሁት ዝምታ ትዝ አለኝ።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልናገር። በመጀመሪያ እውነቱን ነገርሁት። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ፥ እርሱም ጠግቦ ሳለ፥ የእናቱን ቀሚስ ከምስማሩ አውርጄ፥ «እማዬ ሄዳለች። አያት ታመዋል፤ ታስታምማለች። ትመጣለች» አልሁት። «ነገ» የሚለውን ቃል ተውሁት። ስልኩንም ከማታ ወደ ጠዋት አዛወርሁት፤ ጠዋት ሲሆን ከልቅሶው በኋላ የሚጫወትበት ረጅም ቀን አለውና። ቀሪዎቹን ቀኖች ይቈጥርባቸዋል ብዬ ከእማማ ሰፌድ 35 የበቆሎ ፍሬ ለምኜ በጣሳ አስቀምጬለት ነበር፤ እርሱ ግን በማግሥቱ ሁሉንም ለዶሮዎቹ በተነው። ለሁለት ዓመት ልጅ የቀን መቍጠሪያ መሥራት የመምህር ሞኝነት ነው።

ሁለተኛው ነገር አልጋውን የሚመለከት ነው። ደጅ እንዳይተኛ ትንኙ አለ፤ ቤት እንዳይተኛ ሙቀቱ አለ። አስቀድሜ በእማማ ሰሌን ላይ ካስተኛሁት በኋላ ተሸክሜ ወደ ቤት አስገባው ነበር። ይህም ሌላ ስሕተት ሆነ። ሰው ሁሉ በሌሊት ብዙ ጊዜ ጥቂት ይነቃና መልሶ ይተኛል፤ አዋቂ ሰው ጠዋት አያስታውሰውም። ሕፃን ግን በነቃ ጊዜ ሁሉ ሲተኛ ያየውን እንደ ነበረ ካላገኘው ይደነግጣል። በሰሌን ላይ በሰዎች መካከል የተኛ ልጅ በጨለማ ክፍል ቢነቃ ስለ ምን አይጮኽ! ስለዚህ ጠባቡን አልጋ አውጥቼ በበረንዳው ላይ አኖርሁት፤ በመድኃኒት የተነከረውን አጎበር ከጣራው እንጨት ላይ ሰቀልሁና ጫፉን ከፍራሹ ሥር በደንብ አስገባሁ። የተኛበት ስፍራና የሚነቃበት ስፍራ አንድ ሆነ። እኔም ከእርሱ ጋራ በዚያው ተኛሁ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ከበደኝ፤ ሳልነግረው ላለመሄድ ወሰንሁ። «ወረቀቴን ላመጣ ነው፤ እመለሳለሁ» እለውና ሁለት እርምጃ ሄጄ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሲጮኽ ተመለስሁ፤ ቀጥሎ ሳይጮኽ ተመለስሁ። በየሌሊቱ እርምጃውን አንድ አንድ ጨመርሁ። ከአሥር ቀን በኋላ ወደ ወጥ ቤት ሄጄ ውኃ ጠጥቼ ስመለስ፥ በአጎበሩ ውስጥ ተቀምጦ ራሱን ወደ እኔ አዘንብሎ ይጠብቀኝ ነበር፤ አላለቀሰም። አንድ ሌሊት ብቻ ጎረቤት ጠርቶኝ ሳልነግረው ሄድሁ፤ የአሥር ቀን ሥራ በአንድ ሌሊት ፈረሰና እንደገና ከሁለት እርምጃ ጀመርሁ።

ከዚህም ጋራ የማታውን ሥራ ሁሉ በአንድ ተራ እንዲሄድ አደረግሁ፤ እራት፥ መታጠብ፥ ለእማማ ደኅና ይደሩ ማለት፥ መብራት ማጥፋት፥ ከዚያም አንዲት ዜማ። በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት ስለ 405 እናቶችና ሕፃናት ሲናገር፥ በየማታው አንድ ዓይነት ተራ የተደረገላቸው ሕፃናት ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈጥነው እንደ ተኙ፥ በሌሊትም መንቃታቸው እንደ ቀነሰ ይገልጣል። ለካህናት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሰዓታቱ ተራ የታወቀ በመሆኑ ዐይኑን ጨፍኖ የሚከተል አረጋዊ በየደብሩ አለ። ልጄም በሦስተኛው ሳምንት መብራቱን እኔ ሳላጠፋ ማጥፊያውን በጣቱ ያሳየኝ ነበር። ሰዓቱን ግን ለአገሩ ተውሁለት። ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚለው የደጋ ሕጋችን ቀርቶ፥ ነፋሱ ከወንዙ በሚነሣበት በ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ፤ ጠዋትም እስኪነቃ ድረስ አልቀሰቅሰውም።

ከበረንዳችን ላይ ሆኖ ባሮ ይታያል። በመጋቢት ውኃው ጐድሎ አሸዋው ይገለጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 በአውሮፓ አቆጣጠር ከእንግሊዞች ጋራ ባደረጉት ውል በወንዙ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፥ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት ወጥተው እስከዚህ ስፍራ ይደርሱ ነበር፤ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡናም በእነርሱ ይጫን ነበር። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መርከቦቹ የሚመጡት ግን በክረምት ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር። በበጋ ቡናውን በዳር ከምሮ የቆመ ነጋዴ ቢቈጣ፥ ቢጮኽ፥ ወንዙን ቢረግም አንድ ክንድ ውኃ አይጨምርም፤ የእርሱ ሥራ ጆንያውን ሰፍቶ፥ ከዝናብ ከልሎ መጠበቅ ነው። በአጎበሩ ውስጥ ጆሮዬን ተይዤ ተኝቼ ይህን ብዙ ጊዜ አሰብሁ። እስከዚያ ድረስ ልጄን አስተኛው የነበረው ለእርሱ እንቅልፍ ሳይሆን ለ80ው ወረቀት ስል ነበር፤ እርሱም በእጄ መጨነቅ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ወረቀቱን ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ማረም ከጀመርሁ ወዲህ ማታ የምቸኵልበት ነገር አልነበረኝም።

ባለቤቴ በሚያዝያ መጀመሪያ፥ አማቴ ድነው ከተነሡ በኋላ፥ ተመለሰች። እየሮጠ በአንገትዋ ላይ ይጠመጠማል ብለን ጠብቀን ነበር፤ እርሱ ግን ከእግሬ ኋላ ተደብቆ ሻንጣዋን ብቻ ተመለከተ። እርስዋም ፊትዋን አዙራ አለቀሰች። እኔ ይህን አንብቤው ነበርና ታገሽው አልኋት። በሦስተኛው ሰዓት መጥቶ ጫማዋን ከእግርዋ አውልቆ ወስዶ ደበቀው፤ እስከ ማግሥቱም አላገኘነውም። ያን ሌሊት አራት ጊዜ ነቃ፤ በነቃም ጊዜ ሁሉ ፊትዋን በእጁ ዳሰሰና መልሶ ተኛ።

በግንቦት አማቴ ለምርመራ ስለ ተጠሩ እንደገና አንድ ሳምንት መሄድ ግድ ሆነባት። በዋዜማው ነገረችው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩልም ቀሰቀስነው፤ ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ በባጃጅ ሦስታችንም ወደ መናኸሪያው ሄድን። በመስኮቱ በኩል ሳመችውና፥ «እሄዳለሁ፤ እመጣለሁ» አለችው። አውቶቡሱ ሲነሣ የጮኸው ጩኸት መናኸሪያውን ሁሉ አዞረብን። አንድ ሽማግሌ፥ «ምነው እናንተ ሰዎች፥ ይህን ሕፃን በዚህ ሌሊት ቀስቅሳችሁ ታስለቅሱታላችሁ? ተኝቶ ሳለ አትሄድም ነበር?» ብለው ገሠጹኝ። አባቴ ቢሆኑ እንዲሁ ይሉኝ ነበርና አልመለስሁላቸውም። ልጁ እስከ ቤት ድረስ አለቀሰ፤ ከቤትም በኋላ ጥቂት አለቀሰ፤ ከዚያም ዳቦ ጠየቀኝ።

ማታውን እራት በላን፤ ታጠበ፤ ለእማማ ደኅና ይደሩ አለ፤ መብራቱን አጠፋን። በአጎበሩ ውስጥ ሆኖ፥ «እማዬ?» አለኝ።

«ሄዳለች። ትመጣለች።»

«አያ» አለ፥ አያቱን ማለቱ ነው።

«አዎን፥ ከአያት ዘንድ ናት።»

ወደ በሩ አልተመለከተም። እጁን ዘርግቶ ጆሮዬን ያዘ። ከዚያ በኋላ እርሱ ስንት ሰዓት እንደ ተኛ ልናገር አልችልም፤ እኔ ቀድሜው ተኝቻለሁና።